ጀንፈል ውስጥ ያደረ ካሜራ

እኛ አገር ዝናብ የሚያቆምበትን ወር ንገሪን ብትሉኝ አላውቀውም። ጫማችሁን አልጋ ሥር ረስታችሁ ብትቆዩ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ይጠብቃችኋል። ካሜራ ደግሞ ከጫማም ይብሳል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ካሜራ ያለን ሰዎች ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠያየቀው ስለ ሌንሳችን ጤና ነው። ሻጋታው እንዴት ዋለ ይባላል፤ ወደ መሃል እየገባ ነው ይባላል፤ ከዚያ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። የሚያየን ሰው በሽተኛ የያዝን ይመስለዋል።

ቋሚዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር እና አንድ ባጃጅ ነጂ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማን ውስጥ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ እንቀመጣለን፤ በቀረው ቀን ስልክ ላይ በከፈትነው ግሩፕ እንጨቃጨቃለን። አንዳችንም በፎቶ እንጀራ አንበላም። መምህሩ ወፍ ያነሣል። ባጃጅ ነጂው ባጃጁን ያነሣል። እኔ ሰው አነሣለሁ፤ ወፍ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም።

መምህሩ ያስተማረን አንዳንዱ ነገር ይሠራል። ካሜራዬ ካርዱን አላውቀውም ብሎ ሲያስቸግረኝ የካርዱን ቢጫ ጥርሶች በላጲስ ፈተገልኝና ዳነ። ባትሪ በብርድ ሲደክም ብብታችሁ ሥር አሙቁት ያለንም እሱ ነው። የባጃጅ ነጂው ምክር ግን ሌላ ነው። ካሜራው ውስጥ አቧራ ገባብኝ ብሎ በጎማ መንፊያ ነፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ባለበት ፎቶው ሁሉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አለ። ጭልፊት ነው ይላል። መምህሩ ወፍ ስለሚያውቅ በዚህ ነገር ከልቡ ይናደዳል።

እንግዲህ የእህቴ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሊላክላት ቀን ተቆረጠ። እማዬ ፎቶ አንሺ ልታነጋግር ስትል እኔ አለሁ አይደል ወይ ብዬ አስቀረኋት። እህቴ ካሜራ ፊት ስትቆም ትደርቃለች፤ ትንፋሿን ትይዛለች፣ አንገቷ ይገተራል፣ ፊቷ የመታወቂያ ፊት ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም እሷን የሚመስል ፎቶ የላትም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«አንድ እኔን የምትመስል ፎቶ አንሺኝ። ካበላሸሽው ግን ሠርጌ ላይ አላይሽም።»

ቃል ገባሁ። አፌ ከእግሬ ይቀድማል፤ እግሬም ቢሆን ቀስ ብሎ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ከባጃጅ ነጂው ጋር ማሻ ሄደን የጫካውን ጉም ስናነሣ ዋልን። እዚያ ያለውን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ካሜራዬ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘ። በሚኒባስ ወደ ቴፒ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። መናኸሪያው ጋ ሙዝ ሻጮች ሲሟገቱ አየሁና አላስችል ብሎኝ ካሜራውን ከቦርሳ መዝዤ አወጣሁት። ሌንሱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። በነጠላዬ ጫፍ ብጠርገው ተመልሶ ነጭ ሆነ። ግሩፑ ላይ ካሜራዬ ታወረ ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ወዲያው ሩዝ ውስጥ ክተቺው አለኝ።

እኛ ቤት ሩዝ የሚገባው ለበዓል ነው። ይህን ስናገር ባጃጅ ነጂው ሳቀብኝ።

«አባትሽ ቤት እስከ ጣሪያው ቡና አለ። ከደረቀ ቡና የበለጠ ምን ደረቅ ነገር ትፈልጊያለሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ትልቅ ሐሳብ መሰለኝ። ቤት እንደገባሁ መጋዘን ገብቼ አንዱን የጀንፈል ጆንያ ፈታሁ። ጀንፈል ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ደረቀ ከተባለ ማለቴ ነው። ካሜራውን ራቁቱን እስከ ክርኔ ድረስ ቀበርኩትና የጆንያውን አፍ አሠርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የእማዬ ደንበኛ የሆነች ቡና ገዢ መጣች። ቡና ገዢ ከላይ ከላይ አይቶ አይገዛም፤ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰዶ ከሆዱ ዘግኖ ነው የሚያየው። ሴትዮዋም እጇን ሰደደች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ማንገቻውን ይዛ ካሜራዬን እንደ ዓሣ ጎትታ አወጣችው። ዘንድሮ ይህን ነው እንዴ የሚያፈራው ብላ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ሴትዮዋ ቀጥላ ጥቂት ጀንፈል ዘገነች፣ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፣ አንዱን በጥርሷ ነከሰችው።

«ለማንኛውም እህቴ፣ ይህ ቡና አልደረቀም። መልሳችሁ አስጡት።»

እርጥብ ካሜራ እርጥብ ቡና ውስጥ ከትቼ አሳድሬያለሁ ማለት ነው። እማዬን ያሳሰባት ካሜራው አይደለም፤ ቡናዋን ያሳማሁባት እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ሌንሱ ላይ የነበረው ጉም ጠፍቷል። ዙሙን ሳዞረው ግን ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ድምፅ አሰማ። የገለባ ብናኝ ገብቶበታል። እስከ መጨረሻው፣ ሩቅ አቅርቦ እስከሚያሳይበት ድረስ ሄደና እዚያው ነክሶ ቀረ። መልሼ ብታገለው እምቢ አለኝ። መምህሩ ጋ ደወልኩ። ሲሰማኝ ቆይቶ በቀጭን ድምፅ ጉሙ እኮ በራሱ ይለቅ ነበር አለኝ። የቀዘቀዘ ዕቃ ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፤ እስኪሞቅ ቦርሳው ውስጥ ብተወው ይበቃ ነበር።

«ታዲያ ቲቸር፣ ሩዝ ለምን አልክ?»

«ይህንኑ ዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋለሁ» አለ፣ ሰው የሞተበት ይመስል።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹን ባጃጅ ነጂው ራሱ አምጥቶ አወረዳቸው። ሳሎን ተደርድረው ሲቀመጡ ካሜራዬን አነሣሁ፤ የሚታየኝ የአንዱ ሽማግሌ አፍንጫ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የኮቱ ቁልፍ ተጨመረ። በሩን ወጣሁ፣ በረንዳውን ወረድኩ፣ ጓሮውን አቋርጬ ቡናው መሃል ገባሁ። አጥሩ ጀርባዬን ሲነካኝ ነው ሽማግሌዎቹ በተከፈተው መስኮት በኩል ሰው ሰው የመሰሉት። ካፊያ ጀመረ። ባጃጅ ነጂው የሙዝ ቅጠል ቆርጦ ካሜራው ላይ ያዘልኝ፤ እኔ ረጠብኩ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ልጃችሁን ለልጃችን ሊል ሲነሣ ፊቱ በመስኮቱ ጠርዝ ተቆረጠብኝ። አጥሩ ሥር ሆኜ፣ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ጎረቤት የጠራው መስሎት ንግግሩን አቋርጦ አቤት አለ። አባዬ መስኮቱ ጋ መጥቶ ቡናውን በዓይኑ ፈለገ፤ ሲያገኘኝ ያየኝን አስተያየት ካሜራዬ አስቀርቶታል፣ እስከ ዛሬ ማንም እንዲያየው አልፈቀድኩም።

ከዚያ ያልታሰበው ነገር ሆነ። ካሜራውን ዝቅ ሳደርግ የማድ ቤቱን መስኮት አገኘሁት። ወጉ እንደሚለው እህቴ ምንም እንደማታውቅ ሰው ማድ ቤት ዕቃ እያጠበች ነው መሆን ያለባት። ዕቃው በእጇ አለ፤ ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አባዬ እንደ ደንቡ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ሲል ለግድግዳው ምላሷን አወጣችበት። ወዲያው ሣቋ መጣና በሳሕኑ አፏን ሸፈነች። ዓይኖቿ ከሳሕኑ በላይ ቀሩ። ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይታየኛል፤ እሷ እኔን የት እንዳለሁ አታውቅም። ተጫንኩት።

ማታ ለቤተሰቡ ፎቶዎቹን አሳየሁ። ሽማግሌዎቹ ወይ ተቆርጠዋል ወይ ከፊታቸው የቡና ቅርንጫፍ አለ። እማዬ ፎቶ አንሺውን አስቀርታ የሚለውን ጀመረች። እህቴ ግን ያቺ ፎቶ ጋ ስትደርስ ካሜራውን ከእጄ ወሰደችው። ብዙ አየችው። ለማንም እንዳታሳዪ አለችኝ፤ ቆይታ ደግሞ ለእጮኛዋ እንድልክለት ጠየቀችኝ።

መምህሩ ዲላ አንድ ዙም የሚፈታ ሠራተኛ አለ፣ ልላክልሽ ብሎ ነበር። ለእህቴ ነገርኳት።

«እስከ ሠርጌ ድረስ እንዳታሠሪው» አለችኝ።