በዘይት መሄጃው የቀረ ጨርቅ

ይሄ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴም፣ ለሼሁም፣ ለማንም። አሁንም ብድግ እላለሁ፣ ደጁን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ብዕሬን አነሣለሁ። እናንተ ግን ታገሡኝ፣ ቀስ ብዬ ልናገር።

መካነ ሰላም ላይ ይሄን የሞተር ማደሻ ቤት ሰው የሚያውቀው ትልቅ ከሆነ ወዲህ ነው። እኔ የጀመርሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ከጦሩ ስመለስ፣ በሸራ ጥላ ሥር ነበር። የገጠሩ ወፍጮ ሁሉ በናፍጣ ሞተር ነውና ሥራ አላጣሁም። ያስቸገረኝ ንፋሱ ነበር። አቧራ እንዳይገባ ብዬ የታጠበውን ሞተር ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ እወትፋለሁ፤ ስገጥም እየነቀልሁ።

አንዱን አልነቀልሁትም።

ሞተሩ የሐጂ ይማም ነበር፤ ወፍጯቸው በወረኢሉ መንገድ ዳር ነው። ሞተሩን እያስነሣ እህል የሚፈጨው ሰይድ ይባላል። አድሼ በመለስሁት በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ነክሶ ቆመ፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ። ተጠርቼ ሄድሁ። ስፈታው፣ ከዘይት መሄጃው ውስጥ ዘይቱን እንዳያልፍ ዘግቶ ጨርቄን አገኘሁት። ሐጂ ከኋላዬ ቆመዋል፣ እህል የያዙት ሴቶች በሩን ሞልተውታል። እኔ ምን አደረግሁ? ጨርቁን በመዳፌ ጨብጬ ኪሴ ከተትሁት።

«ያለ ዘይት ነው ያስነሣው» አልሁ።

«ዘይቱ ይኸው ሙሉ አይደለም እንዴ!» አለ ሰይድ።

«ከነከሰ በኋላ የጨመርኸው ነዋ።»

«ወላሂ ጠዋት አድርጌያለሁ! ሐጂ፣ ወላሂ!»

ሐጂ እኔን አመኑ። ሰይድ በዚያው ቀን ተባረረ። ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ፣ «ሰይዶ፣ ወጥህስ ላይ ዘይት ጠብ ታደርጋለህ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

እኔስ? ሐጂ «እውነቱን የነገረኝ እርሱ ነው» እያሉ በየደረሱበት አወሩልኝ። ከአጅባር ሳይቀር ሞተር መጣልኝ። ሸራው ቆርቆሮ ሆነ፣ ቆርቆሮው ብሎኬት፤ መብራት ሲገባ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ተከልሁ። ያን ግድግዳ ያቆመው ምንድን ነው? ሙያዬ ነው እንዳልል ጨርቁ አለ።

ከዓመታት በኋላ ሰይድን ሞተር አጣቢ አድርጌ ቀጠርሁት። አገሩ «ሁሴን ደግ ነው» አለ። ሰይድ ራሱ ዱዓ አደረገልኝ፤ እኔም አሚን አልሁ። እንዴት ያለ አፍ ነው አሚን የሚል?

አንድ ቀን ሞተር እያጠበ፣ «ሁሴን ወንድሜ» አለኝ፣ «ያኔ እኮ ምናልባት ረስቼው ይሆናል። አሁን አሁን ራሴን ማመን አቃተኝ።»

ጨርቁን የረሳሁት እኔ፣ «አላህ ያውቃል» ብዬ መፍቻዬን አነሣሁ። እስከዚያ ቀን እንጀራውን የነጠቅሁት ይመስለኝ ነበር። ለካ የገዛ ትዝታውንም ነጥቄዋለሁ።

ይኸው አሁንም በበሩ በኩል ይታየኛል። ጺሙ ነጥቷል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዝዛል፣ ያያል፣ ያብሳል፣ ይከታል፤ ደግሞ ይመዝዛል። ሦስቴ። ወጣት ነበርሁ፣ ድሃ ነበርሁ አልላችሁም። እርሱም ወጣት ነበር፣ እርሱም ድሃ ነበር።

ሐጂ በሕይወት አሉ። ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ፣ እርሳቸው ባሉበት ይሄን ለሰይድ አነብለታለሁ፤ ፊደል አልቆጠረም። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ለማለት አልቸኩልም፤ ያ የራሴ ጉዳይ ነው። ከሁሉ በፊት የምለው አለኝ፦ ሰይድ፣ ዘይቱን አድርገህ ነበር።