ጋሽ ከበበው ወለላቸውን ሲያድሱ

ብስራተ ገብርኤል ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ከበበው ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ስንት ገደልና ሸለቆ ያሸነፉ ሰው፣ አሁን ከሳሎን እስከ ኩሽና ያለችው ዘጠኝ እርምጃ አቅታቸዋለች። የቤቱ ወለል አሮጌ ጣውላ ስለሆነ በረገጡት ቁጥር ይንቋቋል። ስኳር በሽታ ከተገኘባቸው ወዲህ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ፅጌረዳ ጆሯቸውን ከወለሉ ላይ አይነቅሉም። ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው እንኳ ጣውላው ሲጢጥ ካለ፣

«ከበበው፣ ወዴት ነው?» ይላሉ።

«ውሃ ልጠጣ ነው።»

«ውሃው አጠገብህ አለልህ።»

ጋሽ ከበበው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ኩሽና ውስጥ፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ ሐላዋ አለ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ድንገት፣ «ይሄ ወለል አሳፋሪ ሆኗል፤ ላሚኔት የሚሉትን ንጣፍ እናልብሰው» አሉ።

እትዬ ፅጌረዳ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓመታት ሙሉ ሲለምኑ፣ «የጥንት ጣውላ ነው፤ አይነካም» ሲባሉ ነው የኖሩት።

«ልታስነቅለው ነው?»

«ምን በወጣው! እላዩ ላይ ነው የሚነጠፈው። አቧራ የለው፣ ማፍረስ የለው።»

ሥራውን የያዘው ኑረዲን የሚባል የጀሞ ልጅ ነበር። ቤቱን ዞሮ ረገጠና፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የላሉትን ጣውላዎች በብሎን ማሰር አለብን። አለበለዚያ አዲሱም ከሥር ሆኖ ይጮሃል» አለ።

ጋሽ ከበበው ጠመኔ ይዘው ተነሱ። አንዱንም ሳይረግጡ፣ ሳይሞክሩ፣ አሥራ አራት ጣውላ ላይ ምልክት አደረጉ። ሁሉም ወደ ኩሽና የሚወስዱ ናቸው። የእንግዳ ክፍሉን ዞር ብለውም አላዩት።

እትዬ ፅጌረዳ በሩን ተደግፈው ሲመለከቱ ቆዩና ለኑረዲን፣ «መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ግን ጠይቀው፤ አያውቅም» አሉት። ኑረዲን ሳቁን ለመደበቅ ብሎን መልቀም ጀመረ።

በሁለት ቀን ውስጥ ጣውላው ታሰረ፣ ስስ ፎም ተዘረጋ፣ ላሚኔቱም እርስ በርሱ እየተያያዘ ተነጠፈ። ኑረዲን ግድግዳው ሥር የጣት ስፋት ክፍተት ተወ፤ እንጨቱ ሲያብጥ መላወሻ እንዲያገኝ ነው። ያንን የሚሸፍነውን የግርጌ ጠርዝ ለማግስቱ አሳድሮ ሄደ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እትዬ ፅጌረዳ ጋደም አሉ። ጋሽ ከበበው ጫማቸውን አውልቀው ተነሱ። የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምደው፣ ከልማድ የተነሳ፣ ስማቸው እስኪጠራ ጠበቁ። ዝም። ዘጠኙን እርምጃ ጨረሱ። ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ የሐላዋውን ዕቃ ክዳን አንስተው፣ አንድ ማንኪያ እንደጎረሱ በትከሻቸው በኩል አንድ እጅ ብቅ አለ።

እትዬ ፅጌረዳ ናቸው፤ በካልሲ። ኮቴያቸው ጭራሽ አልተሰማም።

ጋሽ ከበበው የጎረሱትን መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። ቀስ ብለው ዞረው ሲያዩ ግን የሚስታቸው እጅ ላይ ማንኪያ አለ። እትዬ ፅጌረዳ፣ «አንተ ሳትበላ እኔ ጣፋጭ አልነካም» ብለው ቃል ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ልይዝህ ነው የመጣሁት» አሉ።

«በማንኪያ?»

እትዬ ፅጌረዳ እጃቸው ላይ ያለውን ማንኪያ አዩት። መጀመሪያ የሳቁትም እሳቸው ናቸው። ጋሽ ከበበው ሚስታቸው ማኅበር ሲሄዱ፣ እትዬ ፅጌረዳ ደግሞ ባላቸው ዕድር ሲሄዱ፣ ለካ ሁለቱም ተደብቀው ሲቀምሱ ኖረዋል።

«እኔ እኮ ወንድምሽን ነበር የማማው» አሉ ጋሽ ከበበው፣ «ይሄ ሰውዬ በመጣ ቁጥር ይጎድላል እያልኩ።»

ሐላዋው ከቤት ይውጣ ተባለ። ኑረዲን ጠርዙን ሊጨርስ ሲመጣ ከዳቦ ጋር ቀረበለት። እሱም ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ እያደነቀ፣ ቀስ እያለ በላ። ባልና ሚስቱ ሥራውን የሚመረምሩ መስለው አጠገቡ ቆመዋል።

«እናንተስ?» አላቸው።

«አንወድም» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ኑረዲን የዕቃውን ዳር በዳቦ ጠርጎ ሲጎርስ ጋሽ ከበበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።