ሱብሂ የማያመልጣት ልጅ

ከሐይቅ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ በሌሊት ስለሚነሳ እህቴ ትዋብ መብራት እንኳ ሳታበራ ነው ሻንጣዬን ያወጣችልኝ። ልጄ ሐያት ተኝታ ነበር። ልስማት ጎንበስ ስል ትዋብ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ፣ ትነቃለች። ከነቃች አንቺም አትሄጂ፣ እሷም አትተኛ» አለችኝ። እኔም ተውኩት። ይህን የምጽፈው ሐይቅና አምባሰል ላላችሁት፣ እንደኔም ልጅ አስተኝታችሁ ለወጣችሁት ነው። ጥዬ ከመጣሁት ነገር ሁሉ ዛሬም የሚከነክነኝ ያ ሳልስመው የቀረሁት ጉንጭ ነው።

ከአባቷ ከእንድሪስ ጋር ከተፋታን ገና ብዙም አልቆየንም ነበር። እንድሪስ የእህል መኪና ነጂ ነው፤ ውጫሌ ገበያ ሲመላለስ እዚያው ሌላ ትዳር አገኘ። «መኪናው ተበላሽቶብኝ አደርኩ» ሲለኝ አምነው ነበር። ኋላ ሳስበው ያ መኪና ሐይቅ ላይ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ሼሁ ፍቺውን ከጨረሱ በኋላ ሽማግሎች ቤታችን ተቀመጡ። ቤቱ በአባቱ ቦታ ላይ ስለተሠራ ለእሱ፣ ላሚቱ ለእኔ ተባለ። ልጅቷ ጋ ሲደርሱ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ከሽማግሎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጎረቤታችን አያ መኮንን ጉሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጅ እንደ ላም አይጎተትም፤ አክስቷ ዘንድ ትሁን» አሉ። «ነገሩን ግን አሁን አትንገሯት። ገና ሕፃን ናት፣ ትምህርቷን ትጠላለች። መርዶም ቢሆን በሰዓቱ ነው የሚነገር።»

«ልክ ብለዋል» አልን ሁላችንም። ተመረቀ፣ አሚን ተባለ፣ ተነሳን።

ሐያት «አባትሽ ውጫሌ ሥራ በዝቶበት ነው» ተባለች። እኔ ለሥራ ዐረብ አገር ስሄድ ደግሞ «እናትሽ ሠርታ ስትመለስ ሦስታችሁም አብራችሁ ትኖራላችሁ» ተባለች። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ምስጢር ጠባቂ ሆነ። የእኛን ሰፈር ምስጢር አጠባበቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ልጅቷ ስትገባ ወሬው ይቆረጣል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ምክንያት የሌለው ከረሜላ ታወጣለች፣ ሌላዋ የልጅቷን ራስ እየዳበሰች «አይ የኔ ዓለም» ትላለች።

ጅዳ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ባቲን ሞቃት አገር ስንል ኖረናል፤ ባቲ ይቅር በለን። እዚህ ሰው የሚኖረው ሙከይፍ በሚሉት ማቀዝቀዣ ሥር ነው። ከብሳ የሚሉት ሩዛቸው ሥጋው ብዙ ነው፤ ግን በርበሬ የለውም፣ ብትበሉትም የበላችሁ አይመስላችሁም። ባሕሩ ቅርብ ነው ይላሉ። ደጃፌ ላይ ውኃ እያየሁ ያደግሁ የሐይቅ ልጅ፣ ትዋብ ሐይቁ ዳር የምትጠብሰው ዓሣ ሽታ ከልብሴ ሳይለቅ፣ ባሕሩን ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። የቤቱ በር ከውጭ ይቆለፋል። መጀመሪያ ሌባ ፈርተው መስሎኝ ነበር።

አሠሪዎቼን እንደ ሁሉም ሠራተኛ ማማና ባባ ነው የምላቸው። ሊን የምትባል ገና ትምህርት የጀመረች ልጅ አለቻቸው፤ ዋናው ሥራዬ እሷ ናት። ስልኬን ማማ የምትሰጠኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤቷን ሰው እንዳያይባት በቪዲዮ መደወል ክልክል ነው። እኔም ድምፄን እየቀዳሁ ለትዋብ እልካለሁ፣ እሷ ለሐያት ታሰማታለች፣ ሐያት ደግሞ «እማ፣ ዛሬ ሒሳብ ደፈንኩ» እያለች መልሳ ትልክልኛለች። በዚህ እየኖርን ሳለ ማማና ባባ ተፋቱ።

የአላህ ሥራ አይገርምም? ፍቺ ሸሽቼ ባሕር ተሻግሬ ፍቺ ውስጥ ገባሁ። ባባ ወጥቶ ሌላ ቤት ተከራየ። ኮንትራቴ ያለቀውም ያኔ ስለነበረ፣ ለመሄጃዬ ጥሩ ሰዓት መስሎኝ መክተብ ወደሚሉት ወደ ሠራተኛ አገናኝ ቢሮው ውሰዱኝ አልኩ። ሁለቱም መጡ፤ አንዱ በአንዱ ጥግ፣ አንዷ በአንዱ ጥግ ተቀመጡ። የቢሮው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ ጠየቀኝ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ኮንትራቴ አልቋል። አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ጥሩ። ማን ነው የሚልክሽ?»

«አሠሪዬ።»

«የትኛው?»

ባባ ፈጠን ብሎ «ኢቃማዋ በእኔ ስም ነው። እኔ ቤት ነው የምትሠራው» አለ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው።

ማማ፣ «ፓስፖርቷ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሷ ከሄደች ልጄን ማን ያስተኛልኛል?» አለች።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ የመውጫ ወረቀትሽን የሚፈርመው እሱ ነው፣ ፓስፖርትሽን የምትሰጠው እሷ ናት። ሲስማሙ ነይ።»

«ቢስማሙማ መች ይፋቱ ነበር?» አልኩት።

«እንግዲያ ጠብቂ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ላሚቱ እንኳ ስትከፈል ለአንድ ሰው ነው የደረሰችው። እኔ ለሁለት ደረስኩ። ሳምንቱን ማማ ቤት፣ ከሐሙስ ማታ እስከ ጁምዓ ከሊን ጋር ባባ ቤት ሆንኩ። እዚያም በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

ለሊን «ባባ መንገድ ሄዷል» ብለው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሲወስዷት ደግሞ «ባባ ያረፈበት ሆቴል ነው» ይሏታል። ልጅ ሞኝ መሰላቸው። አልጋ ማርጠብ ጀመረች። ባባ ትቶት የሄደውን ያረጀ ነጠላ ጫማ ሰርቃ ትራሷ ሥር ታስተኛዋለች። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ ቀሚሴን ያዘችና «ባባ መቼ ነው ከመንገድ የሚመለሰው?» አለችኝ።

እንደ ሌላው ሰው ልዋሽላት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም እንጂ። ውሸት ብዙ ቃል ይፈልጋል። የእኔ ዐረብኛ ደግሞ የሽንኩርትና የመጥረጊያ ዐረብኛ ነው። ያለችኝን ይዤ፣ «ባባ ማማ ኸላስ» አልኳት፤ አለቀ ማለቴ ነው። «ባባ እዚያ ቤት። ማማ እዚህ ቤት። ሊን ሁለቱም ቤት።»

ቀሚሴን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ አጥፍቼ ነው?»

«ላ» አልኳት፤ አይደለም። «ሊን አላጠፋችም። የትልቅ ሰው ነገር ነው።»

እቅፌ ገብታ አለቀሰች፣ ከዚያ ዳቦ በማር ጠየቀችኝ። አልጋ ማርጠቡ ወዲያው አልቆመም፤ ጫማውን ግን በማግስቱ በር ሥር ወዳለው መደርደሪያ መለሰችው።

ማማ ስትሰማ ቤቱ ተናጋ። «ማን ንገሪ አለሽ? እናቷ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለችና ስልኬን ወሰደችው። የዚያን ቅዳሜ አልሰጠችኝም፤ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያም የሚቀጥለውን። ወጥቼ አልሄድ ነገር በሩ የእሷ፣ ወረቀቱ የእሱ። ከሽንኩርቱ ጋር ማውራት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሐያት ምን ትል ይሆን እያልኩ ወሩ እንደምንም አለቀ።

ስልኬ ሲመለስልኝ የትዋብ ድምፅ ተደርድሮ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ደስ የሚል ነበር። «ማሻአላህ፣ ልጅሽ የሱብሂ ሶላት አያመልጣትም» ትላለች። «ሳልቀሰቅሳት በጨለማ ተነስታ፣ ታጥባ፣ ሒጃቧን ለብሳ በር ሥር ቁጭ ትላለች። ወላሂ ትልቅ ሰው አስንቃለች። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ዱዓዋ ያወጣሻል።» እኔም እንባ መጣብኝ፤ ልጄ ሰው ሆነችልኝ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የሚቀጥለው ላይ ትዋብ ትንሽ ግራ ተጋብታለች። ሐያት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ ለዒድ የተገዛላትን ቀሚስ አልለብስም ብላለች፣ የእኔን የድሮ ድምፅ ሲከፍቱላት ተነስታ ትወጣለች።

በመጨረሻው ላይ ትዋብ እያለቀሰች ነው። «ሰዓዳ፣ አፈር ስሆን እንዳትደነግጪ። ልጅሽ ሞተሻል ብላለች። መምህሯ ለምን ትተኛለሽ ብላ ብትጠይቃት፣ ‹እናቴ ሞታለች። ትልልቅ ሰዎች ሊነግሩኝ የሚመጡት ጠዋት ስለሆነ ተነስቼ እጠብቃቸዋለሁ› አለቻት።»

ቁጭ አልኩ። እናንተ የአገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ እኛ መርዶ የምናረዳው ሳይነጋ ነው፣ ሽማግሎች ተሰብስበው፣ በር አንኳኩተው። እስከዚያ ከሐዘኑ ባለቤት ደብቀን፣ በሹክሹክታ እናወራለን፣ ሲገባ ዝም እንላለን፣ ራሱን እንዳብሰዋለን። ልጄ ያየችው ይህንኑ ነው። «ለልጅቷ እንዳትነግሯት» ሲባል ሰምታለች። ከዚያ የእኔ ድምፅ ጠፋ። እኛ ፍቺ ደበቅን፣ እሷ ሬሳ አገኘች። ለሱብሂ ተነሳች ብለን ስንኮራባት ልጅቷ ለብሳ፣ በሩ እስኪንኳኳ ትጠብቅ ኖሯል።

«ደህና ናት ብዬ ማልኩላት» ትላለች ትዋብ፤ «‹ዘሃራንም እንደዚሁ ነበር ያላችኋት› አለችኝ።» ዘሃራ የጎረቤታችን ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ ስንት ጊዜ «ታሞ ነው፣ ይሻለዋል» ስንላት ነበር። እኔም ብያታለሁ።

ስልኩን እንደያዝኩ ማማ ጋ ገባሁ። «ልጄ ‹እናቴ ሞታለች› ብላለች። ፊቴን ማየት አለባት» አልኳት። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ ጭምር ነው ያስረዳኋት።

«ቤቴን ሰው አያይም።»

«ሰማይ ነው የማሳያት። ሰጥሕ ላይ ልውጣ።» ሰጥሕ ልብስ የምናሰጣበት ጣሪያው ነው።

ማማ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየች። ከዚያ፣ ቤቷ ከገባሁ ጀምሮ ጠይቃኝ የማታውቀውን፣ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የጣሪያውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

በአንሶላዎቹ መካከል ቆሜ ደወልኩ። ሐያት ሐይቁ ዳር፣ ትዋብ መጥበሻ አጠገብ ነበረች። ፊቷ ከስቷል። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

«እጅሽን አንሺ» አለችኝ።

አነሳሁ።

አፏን ከፍታ ወደ ስልኩ ተጠጋች። «የትኛው ነው የወለቀው?»

«የታችኛው፣ በጎን በኩል ያለው» አልኩ። «ጣሪያ ላይ ወረወርሽው?»

ያኔ በሕይወት መኖሬን አመነች መሰለኝ፣ ትከሻዋ ወረደ። «እሺ፣ የምትደብቁኝ ምንድን ነው?»

ትዋብ በስተጀርባ ሆና ራሷን ነቀነቀች፤ አትንገሪያት ማለቷ ይሁን ንገሪያት አልገባኝም። «እኔና አባትሽ ተፋተናል» አልኩ። «እኔ ሳልመጣ በፊት ነው።»

«እሱ ብቻ ነው?»

«እሱ ብቻ ነው።»

ፊቷ በራ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከንፈሯ ተጣመመ፤ ከሞት ጋር ሳያስተያዩት ፍቺውም ቀላል አልነበረም። «ሦስታችን አብረን አንኖርም?»

«አንኖርም፣ የኔ ዓለም። አባትሽ ግን አባትሽ ነው፣ እኔም እናትሽ ነኝ።»

«መኪናው ውስጥ ስላስመለሰኝ ነው? ያን ጊዜ ተቆጥቶ ነበር።»

«ላ» አልኳት፤ ዐረብኛው ቀደመኝ። «አይደለም። አንቺ አላጠፋሽም። የእኔና የእሱ ነገር ነው።»

አለቀሰች። ከባሕር ማዶ ሆናችሁ ልጃችሁ ስታለቅስ አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ እጅ የሚባል ነገር ለምን እንደተፈጠረ ግራ ይገባችኋል። ትዋብ እሳቱን ትታ አቀፈችልኝ።

ሊን በደረጃው ወጥታ አንሶላውን ገልጣ አጠገቤ ቆመች። ሐያት ዓይኗን ጠረገች። «ማናት?»

«ሊን ናት። የማሳድጋት ልጅ።»

«አባቷስ?»

«እነሱም ተፋተዋል።»

«ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ ነገርኳት» አልኩ።

ሐያት ሊንን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ አቃጠለኝ፤ ሳልስማት የወጣሁባት ሌሊት እንኳ እንደዚያ አላቃጠለችኝም።

ቆይታ «መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

«ለዒድ» ማለት ቀላል ነበር። ትዋብም ያንኑ እንድላት በዓይኗ ትለምነኛለች። ፓስፖርቴ ከታች መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመውጫ ወረቀቴን የሚፈርመው ሰው ሌላ ቤት ነው። «አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «ሰዎቹ እስኪስማሙ እየጠበቅሁ ነው። እስካሁን አልተስማሙም።»

አሰበችበት። ከበስተጀርባዋ ሐይቁ ይታየኛል፣ ታንኳዎቹ ወደ ዳር እየተመለሱ ነው። ከታች ማማ ሊንን እየጠራች ነበር።

«እንግዲያ ነገ እስኪነጋ እተኛለሁ» አለች ሐያት።

«ተኚ፣ እናቴ።»

«ስታውቂ ግን ጠዋት እንዳትደውይ። በቀን ደውለሽ ንገሪኝ።»