አንጎልዎ ወዶታል

መሰለች ሆዷ ቶሎ የሚገለበጥ ሴት ናት። ከቱሉ ዲምቱ የተሳፈረችበት ሚኒባስ የሚሸተው ወንዝ አጠገብ ሲደርስ «መስኮቱን ዝጉልኝ!» ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያላምጥ ካየች ምሳዋን ትተዋለች። ብርጭቆ ውስጥ ጣቱን ነክሮ ውሃ የሚያቀርብ አስተናጋጅ ከእሷ ጋር አይስማማም። ልጆቿ «እማዬ የማትጸየፈው ነገር አለ?» እያሉ ይስቁባታል፤ ይሳቁ።

ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ነው። የማሽኑ ጩኸት ግራ ጆሮዋን ደፈነው፤ ቀኙም ካልጮኹበት አይሰማም። አጠገቧ ቆማ ትሠራ የነበረችው ዙለይኻ ደግሞ ከናካቴው አትሰማም። ሁለቱ ያኔ በማሽን መሀል በፈጠሩት የእጅ ምልክት እስከ ዛሬ ያወራሉ፤ ያማሉም። ዙለይኻ ገላን ሰፈር ካለው የባሏ ሱቅ ደጃፍ፣ መሰለች ከመንገዱ ማዶ ሆነው አንድ ሰፈር ሕዝብ አምተው ሲጨርሱ የሚነቃባቸው የለም።

አንድ ጊዜ የፋብሪካውን ጡረተኞች ሰብስበው ከተማ ውስጥ ሙዚየም ሲያስጎበኙ መሰለች ዙለይኻን ይዛት ሄደች። አስጎብኚው ያወራል፣ ሰው ይስቃል፣ ሁለቱ እንደ ግንድ ተገትረዋል። ዙለይኻ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳታመጪኝ» አለች በእጇ። እንባዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር መሰለች አየቻት፤ ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም።

እናም አሮጌው የፋብሪካ አዳራሽ ሙዚየም ሊሆን ነው ተባለ። ሶሊያና የምትባል ወጣት ተመራማሪ መሰለች ቤት ድረስ መጣች።

«እትዬ መሰለች፣ ይሄኛውን በኒውሮሳይንስ፣ በአንጎል ጥናት ነው የምንሠራው» አለቻት በቀኝ ጆሮዋ እየጮኸች። «መስማት የተሳነው፣ ማየት የተሳነው፣ ሁሉም እኩል የሚደሰትበት! ሰው ምን እንደሚስበው በቀጥታ ከአንጎሉ እናነባለን። የእርስዎንም እናንብብ።»

«ዙለይኻ ገብታ እንደ ሰው ትወጣለች?»

«ለእነሱ ብለን እኮ ነው!»

መሰለች አመነቻት። ተጠርቶ ደግሞ በባዶ አናት አይኬድም፤ ወግ አለው። ሹሩባዋን ጥሩ አድርጋ ተሠራች፣ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ጣል አደረገች፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ሶሊያና ሽቦ የተንጠለጠለበት ቆብ ይዛ ቀረበችና አፍንጫዋ ሽብሽብ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጉንፋን የያዛት አስመስላ በሶፍት ሸፈነችው።

«ይቅርታ እትዬ፣ በቅቤና በሹሩባ ላይ ቆቡ አያነብም። ቢፈቱትና በሻምፑ ቢታጠቡልን…»

«ሌላ ሰው አላነበባችሁም?»

«የብዙዎቹ እናቶች ጸጉር እንደዚሁ አስቸገረን። እስካሁን የተሳካልን የዩኒቨርሲቲ ወንዶች ልጆች ናቸው።»

እንግዲህ ይታያችሁ! ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሙዚየም የሚለካው በተላጨ ጭንቅላት ነው። መሰለች ትታቸው ልትወጣ ብድግ ብላ ነበር። ግን የእሷ ካልተነበበ የዙለይኻ ነገር የሚቆረጠው በእነዚያ ጎረምሶች አናት ነው። ሹሩባዋን ፈታች። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አጎንብሳ፣ ዘበኛው ቆሞ እያየ፣ ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ እየረጋ አልለቅ እያለ ታጠበች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ሰዎቹን ተጸየፈቻቸው። ተመልሳ ስትቀመጥ በየሽቦው ሥር ንፍጥ የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር ጨመቁባት። ቅቤ ነውር ሆኖ ንፍጥ ይቀባ! ጥርሷን ነክሳ ቻለች።

ለሙዚየሙ ካሰቧቸው ነገሮች መሀል መጀመሪያ ያቆሟት የሚንቀጠቀጥ ወለል ላይ ነው። ንዝረቱ የድሮው ማሽን ንዝረት ነበር። እግሯ አወቀው፤ በእግሯ በኩል እስከ ወገቧ ወጣ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሰውነቷ ረጋ አለ። ዙለይኻ እዚህ ላይ ብትቆም ምን እንደምትሆን አስባ ፈገግ አለች።

ቀጥለው ፊልም አሳዩአት። ከንፈሯን የተቀባች ልጅ ሸማኔ ሆና በማሽኖቹ መሀል ትሽከረከራለች። አለቃዋ ይጠራታል፣ አትሰማም። ይጮኻል፣ አትሰማም። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ ጆሮዋን በጣቷ እየጎረጎረች ዓይኗን ታንሸዋርራለች፤ ይህ ለቀልድ ነው። የመሰለች ሆድ ተገለበጠ። አፏ ምራቅ ሞላ፤ ልታስመልስ ጥቂት ቀራት።

ከቆቡ ጋር በተያያዘው ላፕቶፕ ላይ ያሉት መስመሮች ወደ ላይ ዘለሉ። ሶሊያና በደስታ አጨበጨበች።

«አዩ? አንጎልዎ ወዶታል! ከሁሉም የሳበዎት ይሄ ነው። ወለሉ ላይ ግን ምንም አልነበረም፣ ዝም ነው ያለው።»

«ደስ ብሎኝ ነዋ ዝም ያለው! ይሄን ግን ተጸየፍኩት፣ ልጄ። አስጠላኝ!»

«አንዳንዴ አፋችንና አንጎላችን አይገጥሙም፣ እትዬ» ብላ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት።

መስመሩ አንጎል መነካቱን ተናገረ እንጂ በፍቅር ይሁን በጥላቻ አልተናገረም። ያንን የአንጎሉ ባለቤት በግልጽ አማርኛ ነግራታለች፤ ጆሮ ያላት ልጅ አልሰማችም። መሰለች ደጋግማ ነገረቻት፣ የሶሊያናን አለቆችም አስጠርታ ነገረቻቸው። እንደ ሕፃን አባብለው ሸኟት። ሆኖም «መቼስ ሰው ናቸው፣ ያስቡበታል» ብላ ለዙለይኻ ስለ ወለሉ ብቻ አወራቻት፤ እንድትመጣም በስንት ልመና አሳመነቻት።

ሙዚየሙ የተከፈተ ዕለት እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። የሚንቀጠቀጠው ወለል የለም፤ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳውን ሙሉ የያዘችው ያቺ የፊልሙ ልጅ ናት። ጆሮዋን ስትጎረጉር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዙለይኻ ሳቁን ባትሰማም የሳቀውን ጥርስ ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀስራ መዳፎቿን ዘረጋች። «ማነው ይህን የመረጠው?»

መሰለች ልትመልስላት እጇን አነሳች። ሶሊያና ግን አጠገባቸው ነበረች፤ ጥያቄው ምልክት ለማያውቅም ግልጽ ነው። ፊቷ በርቶ፣ በሁለት እጇ መሰለችን አሳየች፤ አውራ ጣቷንም ወደ ላይ ቀሰረች።

ዙለይኻ መሰለችን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ መሰለች ይዛላት የገባችውን እጅ በቀሚሷ ጠረገችና ብቻዋን ወጣች።