ለክፉ ቀን የማይዘጋ በር

ኦሌታ ስታልካፕ ቢጫውን የተማሪ አውቶቡስ መንዳት የጀመረችው ፀጉሯ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ዛሬ የምታመላልሳቸው ልጆች የድሮ ተሳፋሪዎቿ የልጅ ልጆች ናቸው፤ አያቶቻቸው በየትኛው ወንበር ተቀምጠው ማንን ይጎሽሙ እንደነበር አትረሳም። በኦዛርክ ኮረብቶች መካከል ባለችው በብራስዌል ወረዳ እሷን ሳይፈራ ያደገ ሰው የለም። የወረዳውን ሹም ዶይል ፕሩዊትን እንኳ በልጅነቱ ማስቲካውን አስተፍታዋለች።

በዚያ ጸደይ ግን ኦሌታን ራሷን የሚያስፈራ ወሬ መጣ። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ ልጅ በማነሱ፣ ጥቂት አዳዲስ ተማሪዎች ካልተገኙ ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ተባለ። ኦሌታ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው። ሟች ባሏን ኸርሸልን ያወቀችውም እዚያው ነው። የትምህርት ቤት ደወል የማይሰማበት አገር ለእሷ አገር አይደለም፤ እውነቷን ነው።

ዶይል አንድ ቀን እየተጣደፈ መጣ።

"መላ አግኝቻለሁ! ግራንት ሄሊግ የሚባል ሰው አለ። ለክፉ ቀን የሚሰናዱ፣ ከከተማ ሸሽተው የገዛ መሬታቸውን እያረሱ ሊኖሩ የሚፈልጉ ሰዎች እሱ ያመሰገነው ወረዳ ነው የሚገቡት። እየዞረ ነጥብ ይሰጣል። ሐሙስ እኛ ጋ ይመጣል፤ አንቺ አዙሪው።"

"ለምን እኔ?"

"አገሩን እንዳንቺ የሚያውቀው ማን አለ? ብቻ እባክሽ ኦሌታ፣ ምላስሽን ያዝ አድርጊው።"

"ይሄን ምላስ ባልይዘው ኖሮ አንተ መቼ ሹም ትሆን ነበር!"

ግራንት ሱሪው ኪስ በኪስ የሆነ፣ ፊቱ ደግ የሆነ ጎልማሳ ነው። መኪናው ጅረቱን መሻገር ስላቃታት ኦሌታ በአውቶቡሷ ጭና ወደ እርሻዋ ወሰደችው። ገና ከመውረዱ "ሚስ ኦሌታ፣ ለክፉው ቀን ተዘጋጅተዋል?" ብሎ ጠየቃት።

እዚህ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰባኪ ብቻ ነው። ኦሌታም ቀልቧን ሰብስባ መለሰች።

"በልጅነቴ ከዚያ ወንዝ ገብቼ ተጠምቄያለሁ፣ የኔ ማር። የቀረውንም ና ላሳይህ።"

ጎተራ አስገብታ አንድ ያማረ የሬሳ ሣጥን አሳየችው። ሰውየው ክው አለ።

"ኸርሸል ነው በገዛ እጁ የሠራልኝ። የራሱን ይዞት ሄዷል" አለችና ክዳኑን አነሳች። ሣጥኑ እስከ አፉ የባቄላ ዘር ሞልቶታል። "እስክጠራ ድረስ ባዶውን ምን ያደርጋል? አይጥ አይደፍረውም።"

"እኔ እንኳ... ስለ ምግብ ክምችት ነበር የጠየቅኩት።"

"ታዲያ እሱስ አልሞላም?"

ከዚያ ወረዳውን ስታዞረው ዋለች። ኦሌታ በአገሯ የምታፍርበትን ነገር ባነሳች ቁጥር የሰውየው ፊት ይፈካል። ዝናብ ሲጠና መንገዱ ይቆረጣል ስትለው "ግሩም!" ይላል። ስልክ እንደልብ አይሠራም ስትለው "ይበል!" ይላል። ቤት ሲሠራ የሚቆጣጠር የለም፣ የዶይል ጎተራ የተጣመመው ለዚያ ነው ስትለውም በደስታ ይጽፋል። የምትኮራበትን ስትነግረው ግን ፊቱ ይጨልማል።

"ጣሪያዬን ነፋስ ሲወስደው ጎረቤቶቼ ሳልጠራቸው ደርሰው በሳምንቱ አለበሱልኝ" አለችው።

"ስለዚህ ጓዳዎ ውስጥ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ማለት ነው?"

"አሳምሮ! ማሰሮዬ የት እንዳለ ከኔ ይልቅ እነሱን ብትጠይቅ ይሻላል።"

"ይሄ ችግር ነው" ብሎ ጻፈ።

ኦሌታ ያኔ ገባት። እሷ ሰው አነሰን ብላ ትጨነቃለች፣ እሱ ሰው በዛባችሁ እያለ ነጥብ ይቀንሳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ሰምቶ አያውቅ ይሆን? ተናደደች። ግን ትምህርት ቤቱን አስባ ዋጥ አደረገችው።

በመጨረሻ ምንጯ ጋ ወሰደችው። ከዓለት ሥር የሚፈልቅ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ውሃ ነው፤ ደርቆ አያውቅም። ዙሪያው ታጥሮ ከፊቱ የብረት በር አለ። ግራንት በእፍኙ ጠጥቶ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ብቻውን ሙሉ ነጥብ ያሰጣችኋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ድርቅ መጥቶ ሰው ሲጠማ፣ ይሄን በር በምን ይዘጉታል?"

በቁልፍ ብትለው ያበቃል። ሰው ይመጣል፣ ደወሉ ይደወላል። ኦሌታ በሩን አየችው። አፏ ግን እሺ አላላትም።

"ድርቅ ሲመጣማ አንዘጋውም። እንነቅለዋለን።"

"ምን አሉኝ?"

"ከማጠፊያው አውጥተን ሣሩ ላይ እናስተኛዋለን። በሩ የተሠራው ከብት ምንጩን እንዳይረግጠው ነው። የጠማው ሰው ለመለመን ያፍራል፤ በሩ ተነቅሎ ካየ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። አያቴ ነቅሎታል፣ አባቴ ነቅሎታል፣ እኔም ነቅዬዋለሁ። እንዲህ ነን እኛ!" አለች አፏን ሞልታ።

ግራንት እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

"ሚስ ኦሌታ፣ ይሄን ከጻፍኩ ነጥባችሁ ይወድቃል።"

"ጻፈው። ብቻ አሳምረህ ጻፈው።"

ጻፈውም። ብራስዌል ከጎረቤት ወረዳዎች ሁሉ መጨረሻ ወጣች። የጽሑፉ ማሳረጊያ "የዚህ ወረዳ ሰዎች በክፉ ቀን የውሃቸውን በር ነቅለው ይጥላሉ፤ ተጠንቀቁ" ይላል።

ዶይል ጦፈ። "ቁልፍ አለው ብትይ ምን ነበረበት?"

"ባለፈው ድርቅ ላሞችህን ይዘህ ስትመጣ ቁልፍ ብታገኝ ኖሮስ?"

ዶይል ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ኦሌታ ግን ብቻዋን ስትሆን አውቶቡሷን እያጠበች አለቀሰች። ኩራቷ ትምህርት ቤቱን ያስዘጋው መሰላት።

በጋው ገፋ፣ ሰማዩም ዝናብ ነፈገ። ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ ኦሌታ በሩን ልትነቅል ወረደች። ዶይል ማንም ሳይጠራው መጥቶ ወዲያኛውን ጫፍ ያዘላት። በሩን ሣሩ ላይ አስተኝተው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ፍራሽና የዶሮ ቤት የተጫነበት የሌላ ግዛት ታርጋ ያለው መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። አንዲት ፊቷን ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ወርዳ ክፍቱ ላይ ተገተረች።

"የሚነቀለው በር ይሄ ነው?" አለች በፍርሃት። "ተጠንቀቁ የሚል ጽሑፍ አንብበን ነው። ባሌ 'እንዲህ ያለ አገር ካለማ እዚያ ነው የምንኖረው' አለ።"

ከኋላዋ ልጆች እየተንጠባጠቡ ይወርዱ ጀመር። ዶይል በጣቱ ቆጠረ፤ አንድ እጁ አልበቃውም።

ኦሌታ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወገቧን ያዘች።

"ግቡ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ" አለች። "ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእናንተ ውስጥ ማስቲካ የሚያኝክ ማነው?"