የመምህር አስረስ ላፕቶፕ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ያረጀ ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ለመከፈት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከተከፈተም በኋላ ሥራ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ፎርማት አድርጌ አዲስ ሲስተም እንድጭንላት ነበር የፈለገችው። ውስጡ የሚፈለግ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት፤ የለም አለች። ትንሽ ቆይቼ ደገምኳት፤ አሁንም የለም። የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቼ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት የለም ብላ ሳቀችብኝ።

«ሴትዮ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የመጣሁት?»

እኔም ሳቅሁ። ሦስቴ የመጠየቁን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳትም። ያመጣሁት ካደግሁባት ከተማ፣ ከአምበር ነው።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ተመርቄ ደብረ ማርቆስ ሥራ እፈልግ ነበር። ፈተናውን አልፍና ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፄ ይጠፋል። ከሰው ጋር ከማወራ ከማሽን ጋር ብውል ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከአምበር ደውሎ መምህር አስረስ ላፕቶፓቸው አስቸግሯቸው «ትርንጎን ጥሩልኝ» እያሉ መሆናቸውን ነገረኝ። መምህር አስረስ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመታት ያለፏቸው ሰው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሙያዬን ብሎ ስለፈለገኝ ሌሊቱን ፍላሹን ሁለቴ አዘጋጅቼ ሁለቴ ሞከርኩት።

ጥቅምት ነበር። ሚኒባሱ ከከተማ ሲወጣ የጠዋቱ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ አረንጓዴነቱን ሊለቅ ትንሽ ቀርቶታል። ባዶ እጄን እንዳልገባ ከመንገድ ዳር አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ገዛሁ። ለራሴ ግን ቁርስ እንኳ አልበላሁም ነበር። የሰው ዕቃ ልነካ ስል ምግብ አይወርድልኝም።

ላፕቶፑን ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ጥቂት ተምራበት የላከችላቸው ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። የአንዳንዱ ቁልፍ ፊደል ተፍቆ አልቋል። ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ፤ ማንም የማይጽፍበት ቁልፍ እንዲያ አይፋቅም።

«ቲቸር፣ ውስጡ የሚቀመጥ ነገር አለ?» አልኳቸው።

«ምን ይኖራል ብለሽ ነው? ምንም የለም።»

ጥንቁቅ ነኝ የምትል ሰው ከፍታ ማየት ነበረባት። እኔ ግን የአስተማሪዬን ፋይል መክፈት እሳቸው ቆመው እያዩኝ ሳጥናቸውን እንደ መበርበር ሆነብኝ። ደግሜ መጠየቄም ቃላቸውን አለማመን መሰለኝ። ስለዚህ ፍላሹን ሰክቼ ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ የዲስኩ ዝርዝር መጣ። ከዚህ በኋላ አንዲት ቁልፍ ስጫን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጣቴን ላሳርፍ ስል ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ለምሳ ጠሩን።

ረቡዕ ስለነበር ምሳው የድንች ወጥ ነው። ቃሪያው ከሩቅ ይሸታል። በልቼ ነው የመጣሁት አልኩ። እትዬ ሙሉ እንዳልሰማ ሆነው ውኃ አፈሰሱልኝ። እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ አልኩ።

«አፈር ስሆን፣ ሁለት ጉርሻ ብቻ» አሉ።

ተቀምጬ እንደ አራሽ በላሁ። አጠገቤ ያለው እንጀራ ሲያልቅ አንድ ነገር ውል አለብኝ። ሁለት ጊዜ «የለም» ብያለሁ፤ እዚህ ቤት ግን «የለም» ማለቴን የምር የወሰደው ሰው የለም። በእኛ አገር የመጀመሪያው «የለም» መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። እኔ ደግሞ መምህር አስረስን የጠየቅኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ እርግጠኛ ነዎት? ከጠፋ በኋላ እኔም አልመልሰውም።»

«ዝባዝንኬ ነው ልጄ፣ ቢጠፋም ይጥፋ።»

ይህን ሲሉ ግን አላዩኝም። የጠቀለሉትን እንጀራ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ሽማግሌ ሁለቴ ተናግሮ ሦስተኛ መጠየቅ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

«እባክዎ ይንገሩኝ» አልኩ። «የሚጠፋው በእኔ እጅ ነው።»

መልሱ የመጣው ከእትዬ ሙሉ ነበር።

«አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ሲጽፈው የከረመውስ?»

«ሰው የሚያየው አይደለም እኮ» አሉ መምህር አስረስ፣ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው።

እጄን እንኳ በወጉ ሳልታጠብ ተነሣሁ። ቁልፏን ሳልነካ ከመጫኛው ወጣሁ፤ ፍላሹን ነቅዬ አሮጌውን ሲስተም አስነሣሁ። ላፕቶፑ አቃሰተ። ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ፣ ቆየ። መብራት እንዳይሄድ እኔ በልቤ እለምናለሁ፤ እትዬ ሙሉ ድምፅ አውጥተው ይለምናሉ። በመጨረሻ ተከፈተ።

ጽሑፉ ያስተማሯቸው ልጆች ዝርዝር ነበር። የሚያስታውሷቸውን ሁሉ፣ ክፍል በክፍል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽፈዋል። አንዱ ጋ፣ «ግራኝ ነበር፤ በግድ በቀኙ አስጻፍኩት። አሁን ይቆጨኛል» ይላል። በሌላ ፍላሽ ገለበጥኩት፤ በስልኬም ደገምኩት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው፣ «እስቲ ወደ ታች ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ።

«ትርንጎ። መልሱን ታውቃለች፤ እጇን አታነሳም።»

አቀርቅሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። አመሻሹ ላይ አዲሱ ሲስተም ገባ፤ ጽሑፋቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። እትዬ ሙሉ ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት።

የባልደረባዬ ላፕቶፕ ውስጥ እውነትም ምንም አልነበረም። በሦስተኛው «የለም» አምኛት ቁልፉን ተጫንኩ፤ ያን ቀን በሰላም ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። መምህር አስረስ ግን አሁንም ይጽፋሉ። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ላፕቶፑን ከፍተው ወደ እኔ አዞሩልኝ። ስለ እኔ የጻፉት የድሮ መስመር እንዳለ ነው፤ አልሰረዙትም። ከሥሩ ግን አንድ ጨምረዋል።

«ሦስት ጊዜ ጠየቀች።»