ጋሽ ሚሊሜትር ጊታር ገዛ

ፊት ለፊት «ጋሼ፣ እርስዎ» እያልኩ ነው የማናግረው። የእህቴ ባል ነዋ፤ በዚያ ላይ አሠሪዬም ነው። እዚህ ግን ስለማይሰማኝ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ይገባዋልም።

ሠራተኞቹ በሌለበት ጋሽ ሚሊሜትር ይሉታል። የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለው፤ በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። እኔ ደግሞ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሶፋ አለብሳለሁ። ሙያውን አልክድም፤ እሱ የሠራው መሳቢያ በአንድ ጣት ተገፍቶ ይዘጋል። ግን ሰው መሳቢያ በደንብ ስለሠራ ብቻ የዓለምን ሥራ ሁሉ ይንቃል እንዴ? እሱ ይንቃል። ሐኪም በግምት ነው የሚያክመው፣ መምህር ሲለፈልፍ ውሎ ይገባል፣ ሹፌር ተቀምጦ ይበላል። የእኔን ሥራማ «ጨርቅ ማልበስ» ነው የሚለው፤ ስፖንጁን፣ ስፕሪንጉን፣ ስፌቱን ማን ይይልኝ! ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ በር ከፍቶ ይዘጋል፣ ማጠፊያውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል። ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ የአልጋውን እግር ሲነቀንቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕመምተኛው እላዩ ላይ ተኝቶ።

እንግዲህ የዚህ ሰው የመጀመሪያ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ፣ ጊታር አስተማሪ ወደደች።

ልጁን ላወድስ አልተነሣሁም። ንፋስ ሲነሣ ምሰሶ ይዞ መቆም ያለበት ዓይነት ቀጭን ነው። ከመናገሩ በፊት «ማለቴ» ይላል፣ ተናግሮ ሲጨርስም «ማለቴ» ይላል። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተማሪዎችንና ጡረተኞችን ያስተምራል። እሷ ግን ዓይኗ ከእሱ ሌላ ሰው አያይም። ለጋብቻ ሊጠይቃት ቤት መጥቶ በተቀመጠ ቀን ጋሽ ሚሊሜትር ከእግር እስከ ራሱ ከተመለከተው በኋላ «ሥራህ ምንድነው?» አለው።

«ጊታር አስተምራለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ሥራህን ነው የጠየቅኩህ።»

ልጁ አቀረቀረ። እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በእነሱ ቤት ይህ «ኧረ በፈጠረህ ተው» ማለት ነው። እሱ ግን አንዴ ከጀመረ መች ይቆማል! «ሽቦ መጎተት ሥራ ከሆነማ የልብስ ማስጫ የምትወጥረው ጎረቤታችንም ባለሙያ ናታ!» አለና በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ።

ልጅቷ ብድግ አለች። የአባቷ ልጅ ናት፤ እልኋ ቁርጥ እሱን ነው።

«እንዲህ ቀላል ከሆነ አንተ ለምን አትጫወትም?»

«ብፈልግ በሁለት ወር እጫወተዋለሁ።»

«እሺ፣ ሁለት ወር። አንድ ዘፈን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መሀል ላይ ሳታቆም። ከቻልክ ይሄን ሰው እተወዋለሁ። ካልቻልክ ደግሞ ራስህ እጄን ይዘህ ትድረኛለህ፤ ይቅርታም ትጠይቀዋለህ።»

«ተናግረሻል!»

«ተናግሬያለሁ!»

ልጁ «ማለቴ…» አለ። ትዳሩን ሲወራረዱበት እንኳ የሚለው ይህችን ብቻ ነው። እህቴ ማዕድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ልጅቷ ቃሏን እንደማታጥፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚህ ሰው የወጣ ሰው ቃሉን አያጥፍም፣ ቤቱ ቢፈርስም አያጥፍም። ሁለቱም ደነዞች ናቸው ማለቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጊታር ሊገዛ ሲነሣ እህቴ ሻጩን እንዳይሰድብ ብላ እኔን አስከተለችው። እኔ ምን ላደርግ እንደምችል እሷ ነች የምታውቀው።

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ጊታሮቹ በአንገታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሻጩ ራሰ በራ፣ ትዕግሥተኛ ሰውዬ ነበር። «ለጀማሪ ከሆነ የናይሎን ክር ያለውን ይውሰዱ፤ ጣት አይጎዳም» አለው። ጋሽ ሚሊሜትር ክሩን በጥፍሩ ነካ አደረገና «በዚህማ ዓሣ ነው የሚያዝበት» ብሎ አለፈው። ከዚያ ከኪሱ የማዕዘን መለኪያ ብረቱን፣ ስኳድራውን አወጣ። ጉድ እኮ ነው፣ ጊታር ሊገዛ ስኳድራ ይዞ የመጣ ሰው! አንዱን አስወርዶ የብረቱን ጠርዝ አንገቱ ላይ አስተኛና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«ጠማማ ነው።»

«አይደለም ጋሼ፣ ትንሽ እንዲጎብጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ክሩ ሲመታ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች እንዳይነካ።»

«ጠማማውን ጠማማ ነው በለኝ፤ ምን ታሽሞነሙነዋለህ?»

ሰባት ጊታር አስወረደ። ሰባቱንም ለካ፤ ሰባቱም ጠማማ ሆኑ። ቀጥሎ ጣውላ ሲገዛ እንደሚያደርገው በጣቱ አንጓ ያንኳኳቸው ጀመር። ሻጩ ቢጨንቀው አንዱን ተቀብሎ ክሮቹን ከላይ እስከ ታች ዳሰሳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ጋሽ ሚሊሜትር ግን መዳፉን የጊታሩ ፊት ላይ አሳርፎ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይንቀጠቀጣል።»

«አዎ ጋሼ።»

«አዎ ትለኛለህ እንዴ? ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ያልተጣበቀ ዕቃ ነው። ከእኔ ቤት እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢወጣ የሠራውንም ሰውዬ አብሬ ነው የማስወጣው። ደግሞ ይሄ ፊቱ ከኮምፔርሳቶ የሳሳ ነው፤ ልጅ ቢቀመጥበት ይሰበራል።»

«ጊታር ላይ ማን ይቀመጣል?» አልኩ እኔ። አልሰማኝም። መጨረሻ ላይ ከሁሉም ከባዱን፣ የብረት ክር ያለውን መረጠ። አንዴም አስመትቶ ድምፁን አልሰማ፤ ክብደቱ ብቻ በቃው።

ስንወጣ ሻጩ እጅጌዬን ያዝ አደረገኝ። «እህቴ፣ እኚህ ሰውዬ እንጨት ሠራተኛ ናቸው አይደል? የፊቱን ስስ እንጨት እንዳይነኩት ንገሪያቸው። የጊታር ድምፅ ማለት እሱ መንቀጥቀጡ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኩትም። ለምን ብዬ? የልጅቷ ትዳር በአባቷ ሽንፈት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰውዬው ደግሞ ሽንፈቱን በገዛ እጁ ሊያበጅ ነው። እጄን አጣጥፌ ማየት ነበረብኝ፤ አየሁ። ሌላም ነገር አለ፣ አልደብቅም፤ «ጨርቅ» እያለ የከረመ አፍ አንዴ ሲዘጋ ማየት አማረኝ።

በማግስቱ ክሮቹን ፈታታ። እጁ በክቡ ቀዳዳ አልገባ ሲለው በረጅም መቆንጠጫ አራት የጠንካራ እንጨት ቁራጮች ኮላ ቀብቶ ከፊቱ እንጨት ሥር አስገባና በሞርሳ አጣብቆ አሳደራቸው። ቀጥሎ የነበረውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አወረደና ቫርኒሽ መቀባት ጀመረ። አንዱ ሲደርቅ ሌላ፣ እሱ ሲደርቅ ሌላ። ዘጠኝ ጊዜ። ከሁለቱ ወር ሁለት ሳምንቱ በዚህ አለቀ፤ የደንበኛ ቁም ሳጥን በሩ ሳይገጠም ቆመ። ሲጨርስ ጠራኝ። መቼም ሲያምር! ፊቴን አየሁበት፤ መስታወት ነው።

«አሁን ንኪው» አለኝ። ነካሁት። ድንጋይ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጊታር አይቼም አላውቅ» አልኩት። አልዋሸሁም። እሱም ደስ ብሎት አንገቱን ነቀነቀ።

ልምምዱን በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ ቫርኒሽ የሚቀባበት ክፍል ውስጥ አደረገው። ሻጩ የሰጠውን የጀማሪ መጽሐፍ በእርሳስ እያሰመረ አነበበ። የትኛው ጣት የትኛው ክር ላይ፣ ከየትኛው ብረት ስንት ሚሊሜትር ርቆ እንደሚያርፍ አንድ ጣውላ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። የክሩን ቅኝት የምትናገር፣ ልክ ሲሆን አረንጓዴ የምታበራ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ ነበር፤ ከሙዚቃ ነገር የወደደው እሷን ብቻ ነው። የብረት ክር የጀማሪን ጣት ያቆስላል ሲባል ሰምቼ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሠላሳ ዓመት መላጊያ የገፋ ጣት ምን ይሆናል! ክሩ ነው የተጎዳው።

የመረጠው ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁትን፣ አራት መስመር ያለውን የትምህርት ቤት መዝሙር ነው። ከጊታሩ የሚወጣው ግን ቡቅ፣ ቡቅ፣ ቡቅ ነበር፤ ሰው ባዶ ሳጥን በጣቱ እንደሚያንኳኳ። «ይሄ ነው እንግዲህ የሚያስተምሩት!» ይል ነበር ላቡን እየጠረገ። «ለዚህ ነው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው!» ድምፁ እንዲያ የሆነው ሥራው ከንቱ ስለሆነ እንጂ እሱ ስላበላሸው ሊሆን እንደሚችል ለአፍታም አልጠረጠረም። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ስፌቴን እየሰፋሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ሳቄ ቆመ። ቡቅ ቡቁ ምቱን እየጠበቀ፣ ሳያቋርጥ፣ ከአንደኛው መስመር እስከ አራተኛው ይሄድ ጀመር። ዛሬ አንዴ፣ ነገ ሦስቴ። መልሶ መላልሶ ከመስማቴ የተነሣ መርፌዬ እንኳ በእሱ ምት ትገባና ትወጣ ነበር። ደነዝነቱን እንጂ ትጋቱን አልቆጠርኩም ነበር ለካ። ያኔ የልጅቷን ዓይን ማየት አቃተኝ።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን፤ እህቴ፣ ልጅቷ፣ እኔና የራሱን ጊታር በከረጢት ይዞ የመጣው ልጅ። ለምን እንደያዘው አላውቅም፤ ምናልባት ሰው ሲጨንቀው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ጋሽ ሚሊሜትር ክራቫት አስሯል። ያንን መስታወት ጊታር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጀመረ። ቡቅ፣ ቡቅ፣ ቡቅ። አራቱንም መስመር ሄደ፣ አንዴም አላቆመም። ሲጨርስ ቀና ብሎ ልጁን አፍንጫህን ላስ በሚል ዓይን አየው።

ልጅቷ ፊቷ ቀልቷል። «ይሄ ዘፈን አይደለም! ማንኳኳት ነው! አባዬ፣ ይሄን ማንም አይቀበልህም!»

«ተጫወትኩ፣ አላቆምኩም። ቃልሽ ቃል ነው!»

«እሺ፣ ሙያው የእሱ ነው፤ እሱ ይፍረድ!» ብላ ወደ ልጁ ዞረች። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። አንዲት «አይደለም» ብቻ ትበቃለች፤ ማንም አይከራከረውም፤ ሚስቱን ይዞ ይሄዳል።

«ማለቴ…» አለ። «ጋሼ አንድም አልሳቱም። ጣታቸው ልክ ነው፣ ምታቸውም ልክ ነው። ዘፈኑን ተጫውተውታል። ጊታሩ ነው የማይሰማው፤ ፊቱ ታስሯል።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ቆሽቴ አረረ፤ ተነሥቼ በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ። እሱ ግን ይባስ ብሎ ከረጢቱን ከፈተና የራሱን ጊታር፣ ጠርዙ የተላላጠውን፣ ለጋሽ ሚሊሜትር አቀበለው። «በዚህ ይሞክሩት፣ ጋሼ። እንዳይበደሉ።»

ጋሽ ሚሊሜትር ተቀብሎ አገላበጠው። ልማዱ ነውና ጭረቱን አየ፤ ከንፈሩን ግን አልመጠጠም። ሆዱ ላይ አስደግፎ አንድ ክር ነካ፤ ነክቶም ደነገጠ። እንጨቱ ሆዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት አየሁት። መዳፉን ፊቱ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋና መልሶ አነሣው። ልጁን አየ፤ በዚህ ፍርድ ሚስቱን ያጣውን፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጠብቀውን ልጅ።

ከዚያ ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ያ የማውቀው ቡቅ ቡቅ አሁን ዜማ ሆኖ፣ ቃል ሊናገር የቀረበ ሆኖ ክፍሉን ሞላው። ሦስተኛው ወጣ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አራተኛው መስመር ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚነካው፤ በቫርኒሹ ክፍል ውስጥ ቢያንስ መቶ ጊዜ ሲጫወተው ሰምቻለሁ።

እጁን ከክሩ አነሣ።

«አልቻልኩም» አለ።

ጊታሩን በሁለት እጁ ለልጁ መልሶ «ያለፈውን ይቅር በለኝ» አለው፤ ክራቫቱንም እያላላ ወደ በረንዳ ወጣ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ ጋሽ ሚሊሜትር ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።